አምስት ቀን ተኩል

የአባቴ ሙት ዓመት በተዘከረ ማግሥት ሣጥኑን የከፈትነው እኔና ታናሽ ወንድሜ ነበርን። ከላይ ዳዊቱ፣ ከዳዊቱ ሥር ውዳሴ ማርያሙ፣ ከዚያም ዕድሜውን ሙሉ ባሕረ ሐሳብ ሲያወጣባቸው የኖሩት አራት ደብተሮች ተደርድረዋል። ከሁሉ ሥር ግን ፈጽሞ ያልጠበቅነው መጽሐፍ ተገኘ፤ የወንድሜ የ12ኛ ክፍል የባዮሎጂ መማሪያ። ወንድሜ በ2008 ዓ.ም. መመለስ ሲገባው «ጠፋብኝ» ብሎ ዋጋውን የከፈለበት መጽሐፍ ነው። አባቴ እንግሊዝኛ አያነብም ነበር። ሆኖም መጽሐፉ ውስጥ፣ ስለ ዝግመተ ለውጥ በሚናገረው አራተኛው ምዕራፍ ላይ፣ ለአራት የታጠፈ ወረቀት ተቀምጦ አገኘን።

የወረቀቱን ነገር ላቆየው፤ ያለ ታሪኩ ትርጉም አይኖረውምና።

በ2001 ዓ.ም. ዳንግላ ከተማ ቤት ተከራይቼ ዘጠነኛ ክፍል እማር ነበር። አንድ ቀን የታሪክ መምህራችን በሰሌዳው ላይ 3,200,000 ብለው ጻፉና ከሥሩ «ሉሲ» የሚል ቃል አከሉበት። ከጎኔ የሚቀመጠው የሙስሊም ነጋዴ ልጅ እጁን አወጣ። «መምህር፣ አዳምስ?» አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ ጥያቄው ግን የሁላችንም ነበር። መምህሩ ጥቂት በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከቱና «ለፈተናው መጽሐፉ የሚለውን ጻፉ፤ ለቤታችሁ የቤታችሁን ያዙ» ብለው ወደ ሌላው ርዕስ አለፉ። አሁን ሳስበው ክፉ ሰው አልነበሩም። ደክመው ይሆናል፤ ወይም ወላጅ ፈርተው።

ቅዳሜ ስንቅ ልይዝ ወደ እንጅባራ አቅጣጫ፣ ወደ መንደራችን ሄድኩ። አባቴ መሪጌታ ነው። በአውንጂ ይቀልዳል፣ በአማርኛ ይገሥጻል፣ በግእዝ ይጸልያል። ቁጥሩን ስነግረው ብርዑን አስቀመጠ።

«ስንት አልኸኝ?»

«ሦስት ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ዓመት፣ አባባ።»

«ማን ቆጠረው?»

መልስ አልነበረኝም። እርሱም ያን ምሽት ሌላ ቃል አልተናገረኝም።

ባሕረ ሐሳብን ለማያውቅ አንባቢ የአባቴ ዝምታ የግትርነት ሊመስለው ይችላል። ነገሩ እንዲህ ነው። ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት ያለው ዘመን 5500 ነው ተብሎ ይቆጠራል። የዚያን ዓመት ሒሳብ ለማውጣት 2001 ይደመርበትና 7501 ይሆናል፤ ዓመተ ዓለም የሚባለው ይህ ነው። ለአራት ሲካፈል አንድ ይተርፋል፤ ዘመኑ ማቴዎስ ሆነ። ለ19 ሲካፈል 15 ይተርፋል፤ አንዱ ለዘመን ይተውና ወንበሩ 14 ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ አራት ይቀራል፤ አበቅቴው አራት ነው። ከዚህ መጥቅዕ ይወጣል፣ ከመጥቅዕ ጾመ ነነዌ፣ ከነነዌ ዐቢይ ጾም፣ ደብረ ዘይት፣ ሆሳዕና፣ ትንሣኤ። ማካፈልን የተማርኩት በዚህ ሒሳብ ነው፤ ዛሬ የባንክ ወንበር ላይ ያስቀመጠኝም የአባቴ ወንበር ነው ማለት ይቻላል። እናም አንድ የ15 ዓመት ልጅ ከከተማ መጥቶ ያንን 5500 ሲነቀንቀው፣ በአባቴ ዓይን የነቀነቀው ድንጋይና አጥንት አልነበረም። የፋሲካን ቀን ነበር።

በማግሥቱ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ አንዲት ነገር ተናገረኝ። «ይህንን የደርግ ካድሬም ይለን ነበር» አለ።

ያቺ አረፍተ ነገር ለብዙ ዓመታት አብራኝ ኖራለች፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚያ ነውና። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ቅዳሜ ሌሊት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱ በሦስተኛው ወር፣ ደርግ ስድሳ ያህል ሹማምንትንና የጦር መኮንኖችን ያለ ፍርድ ረሸነ። በማግሥቱ እሑድ፣ ኅዳር 15፣ አገሩ በሬዲዮ የሰማውን ማመን አቅቶት ሳለ፣ በአፋር ምድር ሐዳር በሚባል ስፍራ ዶናልድ ጆሃንሰንና ወጣቱ ባልደረባው ቶም ግሬይ ከተሸረሸረ አፈር ውስጥ የክንድ አጥንት አዩ። በቀጣዮቹ ሳምንታት በመቶ የሚቆጠር ስብርባሪ ተለቀመ፤ ሲገጣጠም የአንዲት ፍጡር አካል 40 በመቶ ያህል ሆነ። በሰፈሩ ውስጥ የቢትልስ ዘፈን ይሰማ ነበርና «ሉሲ» አሏት። እኛ ድንቅነሽ አልናት። (በመንደሬ ድንቅነሽ የሚባሉ ሁለት እናቶች አውቃለሁ። የመምህራችን ሰሌዳ ላይ «ሉሲ» በማለት ፈንታ «ድንቅነሽ» ተብሎ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ያ ክፍል ሌላ ክፍል ይሆን ነበር እያልኩ አስባለሁ።)

ድንቅነሽ እንግዲህ የተገኘችው በዚያ ሳምንት ነው። በታኅሣሥ ወር ደርግ ኅብረተሰባዊነትን አወጀ። ማርክሲዝም ሌኒኒዝም በትምህርት ቤቱ፣ በቀበሌው፣ በውይይት ክበቡ ገባ፤ ከእርሱም ጋር ኤንግልስ እ.ኤ.አ. በ1876 ዝንጀሮን ሰው በማድረግ ረገድ ሥራ ስላበረከተው ድርሻ የጻፈው ድርሰት ሐሳብ። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሡ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። አባቴ ያን ጊዜ በጎጃም የቅኔ ቤቶች የሚዞር ወጣት ዲያቆን ነበር። ከካድሬው አፍ የሰማው ሁለት አረፍተ ነገር ነው፤ «ሰው ከዝንጀሮ መጣ» እና «እግዚአብሔር የለም»። ሁለቱ የተነገሩት በአንድ ትንፋሽ፣ በአንድ አዳራሽ፣ መሣሪያ በታጠቀ ሰው ነበር። በዚያ ዘመን ለሳይንሱ ከካድሬው የከፋ ጠላት አልነበረውም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ማስረጃ ሊያቀርብ የሚገባውን ትምህርት ትእዛዝ አደረገው፤ ትእዛዝ ደግሞ መንግሥት ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል።

የመጀመሪያው አረፍተ ነገር ራሱ ስሕተት ነበር። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1871 ባሳተመው መጽሐፉ የሰው ልጅ ጥንታዊ ዘመዶች በአፍሪካ ሳይኖሩ አይቀሩም ብሎ ሲገምት፣ አንድም የአፍሪካ ቅሪተ አካል በእጁ አልነበረም። የገመተው ግን ዛሬ ጫካ ውስጥ ከምናየው ዝንጀሮ መወለዳችንን አይደለም፤ ከእነርሱ ጋር የጋራ አያት እንዳለን ነው። ይህንን ከማንም በላይ ግልጽ ያደረገችው የእኛው አርዲ ናት። በመካከለኛው አዋሽ፣ አራሚስ በተባለው ስፍራ በ1987 ዓ.ም. ኢትዮጵያዊው ዮሐንስ ኃይለሥላሴ የእጇን አጥንት ስባሪ አገኘ፤ ጥናቱ በ2002 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲታተም 4.4 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች፣ በምድር ላይ በሁለት እግሯ የምትሄድ፣ ዛፍ ላይ ደግሞ በሚጨብጥ አውራ ጣቷ የምትወጣ ሆና ተገለጠች። ቺምፓንዚም አይደለች፣ ሰውም አይደለች። «አርዲ» በአፋርኛ ምድር ማለት ነው። እንዲያው ለነገሩ፣ በኦሪት የሰው ስም ከመሬት መገኘቱን የሚያውቅ አባቴ ይህን ስም ቢሰማ ምን ይል እንደነበር አልጠየቅኩትም።

ሌላም ልጨምር። መምህራችን ያንን ቁጥር ሰሌዳው ላይ ሲጽፉ ድንቅነሽ ራሷ አገር ውስጥ አልነበረችም። በነሐሴ 1999 ዓ.ም.፣ እኛ አዲሱን ሺህ ዓመት ለመቀበል ስንሰናዳ፣ በአሜሪካ ሂውስተን ለሕዝብ መታየት ጀምራ ነበር፤ የተመለሰችው በ2005 ዓ.ም. ነው። በዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ብሔራዊ ሙዚየም ሄጄ አየኋት፤ ለጎብኚ የሚታየው ቅጂው መሆኑን እያወቅኩ። ያስገረመኝ ትንሽነቷ ነው። ቁመቷ አንድ ሜትር ከጥቂት፣ የአምስት ዓመት ልጅ ያህል።

አሁን ወደ ወንድሜ መጽሐፍ ልምጣ። ወንድሜ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ስለነበር ማታ ማታ እያነበበ ለአባቴ ይተረጉምለት ነበር። እኔ ያን ጊዜ ሥራ ፍለጋ ላይ ነበርኩ፤ አብሬ እሰማለሁ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው ይህ መጽሐፍ አራተኛውን ምዕራፍ የሚጀምረው ስለ ሕይወት አመጣጥ የተሰጡትን ልዩ ልዩ ሐሳቦች በመደርደር ነው፤ ልዩ ፍጥረት፣ ከግዑዝ ነገር በድንገት መገኘት፣ ዘላለማዊነት፣ ከሌላ ዓለም መምጣት፣ በኬሚካላዊ ሂደት መፈጠር። በልዩ ፍጥረት ሥር ደግሞ ሌላ ዝርዝር አለ። ምድር ወጣት ናት የሚሉ፣ ምድር አሮጊት ናት የሚሉ፣ ቀኑ ዘመን ነው የሚሉ፣ እግዚአብሔር በዝግመተ ለውጥ ፈጠረ የሚሉ፤ በመጨረሻም ኢንተለጀንት ዲዛይን፣ ማለትም የሕይወት ውስብስብነት የአንድ ብልህ ንድፍ አውጪ ሥራ መሆኑን ያሳያል የሚለው።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ ይሰጣል ይላል። ይህ ዝርዝር እንግዲህ ከየት መጣ? ከዳንግላ አልመጣም። ከሌላ አገር ችሎት ነው የመጣው።

በሐምሌ 1917 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት ዴይተን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ጆን ስኮፕስ የተባለ ወጣት መምህር ዝግመተ ለውጥን አስተምረሃል ተብሎ ተከሰሰ። በአንድ ወገን ሦስት ጊዜ ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው ዊልያም ጄኒንግስ ብራያን፣ በሌላው ወገን ስመ ጥሩው ጠበቃ ክላረንስ ዳሮው ቆሙ። መምህሩ 100 ዶላር ተቀጣ፤ ቅጣቱ በኋላ በሥነ ሥርዓት ጉድለት ተሻረ፤ ሕጉ ግን እስከ እ.ኤ.አ. 1967 ድረስ ቆየ። ከ80 ዓመት በኋላ በፔንስልቬንያ፣ ዶቨር በተባለ ስፍራ፣ የትምህርት ቦርዱ ለዘጠነኛ ክፍል የባዮሎጂ ተማሪዎች ስለ ኢንተለጀንት ዲዛይን የሚያወሳ መግለጫ እንዲነበብ አዘዘ። የባዮሎጂ መምህራኑ «አናነብም» አሉ፤ 11 ወላጆች ከሰሱ። በሪፐብሊካን ፕሬዚዳንት የተሾመው ዳኛ ጆን ጆንስ ታኅሣሥ 11 ቀን 1998 ዓ.ም. 139 ገጽ ፍርድ ጻፈ፤ ኢንተለጀንት ዲዛይን ሳይንስ አይደለም፣ የሃይማኖት አስተምህሮ ነው፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሳይንስ ክፍል ቦታ የለውም ሲል።

ስለ ዶቨር ስነግረው አባቴ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው።

«ዳኛው ምስክር ሰማ?»

«ሰማ፣ አባባ። አርባ ቀን።»

«አርባ ቀን ከሰማስ ደግ አድርጓል።»

ከዳኛው ጋር እስማማለሁ፤ አቋሜን አልደብቅም። በባዮሎጂ ክፍል መማር ያለበት ባዮሎጂ ነው፤ ዝግመተ ለውጥም ከብዙ ሐሳቦች አንዱ ሆኖ ሊደረደር አይገባውም፤ የትምህርቱ ምሰሶ ነውና። ቅሬታዬ ሌላ ነው። የወንድሜ መጽሐፍ የዴይተንና የዶቨር ተከራካሪዎችን ወገን በወገን ሲቆጥር፣ ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠውን ልጅ ቤት የሚያስተምረውን አክሲማሮስን አያውቀውም። አንድ የአዊ ልጅ በአውንጂ ፊደል ቆጥሮ፣ በአማርኛ ተገበያይቶ፣ በግእዝ አስቀድሶ፣ የሰውን አመጣጥ በእንግሊዝኛ ይማራል፤ ከዚያም «ቀኑ ዘመን ነው የሚለው የትኛው ነው?» የሚል የምርጫ ጥያቄ ይቀርብለትና ከአራቱ አንዱን ያከብባል። ክርክሩም በዚያው ያበቃል። ማንም አሸንፎ አይደለም፤ ማንም ስላልተከራከረ ነው።

ወንድሜ «ቀኑ ዘመን ነው» የሚለውን ሲተረጉም አባቴ ሳቀ። ከልቡ ሲስቅ በዚህ ጉዳይ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ይህን ከፈረንጅ ልትማሩት ሄዳችሁ?» አለ። ለአዳም የተሰጠው ተስፋ አምስት ቀን ተኩል መሆኑን፣ ሊቃውንቱ አንዱን ቀን ሺህ ዓመት ብለው መቁጠራቸውን፣ 5500 ራሱ የተገኘው ከዚያ መሆኑን ያኔ አስረዳን። እኔ መሪጌታ ቤት ያደግሁት ሰው፣ ቁጥሩን ዕድሜዬን ሙሉ ስደምረው የኖርኩት ሰው፣ ከየት እንደመጣ አልጠየቅኩም ነበር። ለካ አባቴ የተጣላኝ ቁጥር ራሱ በትርጓሜ የቆመ ቁጥር ነው። የአንድምታ ሊቃውንት አንዱን ቃል «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው» እያሉ ይፈቱታል፤ ሁለተኛው መጀመሪያውን ሽሮት አይደለም የሚመጣው።

ይህን ስል አንድምታውን ሳይንስ ላደርገው አይደለም። ቀኑ ሺህ ዓመት ቢሆንም ስድስት ቀን ለድንቅነሽ አይበቃትም፤ አባቴም ያውቀዋል። ይልቁንስ ከሰሌዳው ቁጥር ጋር የተጣላው ዘመኑ ስለረዘመበት አልነበረም ብዬ አምናለሁ። የተጣላው ቆጣሪ ስለሌለው ነው። እርሱ ለእያንዳንዷ ቁጥር ወንበሯን፣ አበቅቴዋን፣ መጥቅዑን ያሳያል። እኔ ግን ያመጣሁለት ውጤት ብቻ ነበር። የዘጠነኛ ክፍል መምህሬም፣ ካድሬውም፣ የወንድሜ መጽሐፍ ዝርዝርም «ማን ቆጠረው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይዘው አልመጡለትም።

መልሱን ለማምጣት አሥር ዓመት ፈጀብኝ። በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር፣ የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ላይ በተከበረ ሰሞን፣ አባቴን ይዤ ዘንገና ሐይቅ ወረድን። ዘንገና የእሳተ ገሞራ አፍ ነው፤ ክብ፣ ጥልቅ፣ በደን የተከበበ። ድንጋዩን እያሳየሁት በማውቀው ቋንቋ፣ በባንክ ቋንቋ፣ ነገርኩት። «በድንጋይ ውስጥ ፖታሲየም የሚባል ነገር አለ፤ ከእርሱም አንዱ ወገን በተወሰነ ፍጥነት እየጎደለ ከፊሉ አርጎን ወደሚባል አየር ይለወጣል። ድንጋዩ ቀልጦ ሲፈነዳ የተጠራቀመው አየር ሁሉ ይወጣል፤ የአርጎኑ ሒሳብ ባዶ ሆኖ እንደገና ይከፈታል። ሲበርድ ደግሞ ማጠራቀም ይጀምራል። እንግዲህ ዋናው ስንት እንደቀረ፣ የተጠራቀመው ስንት እንደሆነ ከለካህ፣ ሒሳቡ የተከፈተበትን ቀን ታውቃለህ። የድንቅነሽን አጥንት አይደለም የቆጠሩት፤ በአካባቢዋ የተነጠፈውን የእሳተ ገሞራ አመድ ነው።»

ዝም ብሎ ሰማኝና «ፍጥነቱ ስንት ነው?» አለ።

«ግማሹ የሚያልቀው በ1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው።»

«ቀርፋፋ ባንክ ነው» አለ። ከዚያም ስለ ፈረሶቹ ማውራት ጀመረ። የዚያን ዓመት ፈረሶች እንደ ድሮዎቹ አልነበሩም አለ፤ ይህን ደግሞ በየዓመቱ ይላል።

ጉዳዩን ዳግመኛ አላነሣንም። እኔ ተረትቻለሁ ብዬ ትቼው ነበር። እኛ አዊዎች የሰባት ቤት ልጆች ነን፤ ሽማግሌ «የማን ዘር ነህ?» ሲልህ አያት ቅድመ አያት እየቆጠርክ ትሄዳለህ። እኔ ስምንተኛው ላይ እቆማለሁ። አንዱን ትውልድ 25 ዓመት ብለን ብናስበው እስከ ድንቅነሽ 128,000 ትውልድ ይሆናል። ይህንንም ልነግረው አስቤ ሳልነግረው ቀረሁ።

ወረቀቱን የዘረጋው ወንድሜ ነው። የአባቴ የእጅ ጽሑፍ፣ በጥቁር ቀለም፣ ሁሉም ቁጥር በግእዝ። ከላይ ፫፻፳፼ ይላል፤ ሦስት መቶ ሃያ እልፍ፣ ማለትም 3,200,000። ከሥሩ ለሺህ አካፍሎታል፤ ፴፪፻። ከጎኑ «ዕለት» የሚል ቃል አለ። ቀጥሎ 3200ውን ቀን ወደ ዓመት መልሶ፣ ሁለቱን የሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ስድስት ቀን አድርጎ አስቦ፣ መጨረሻ ላይ እንዲህ ጽፏል፤ ፰ ዓመት ከ፱ ወር ከ፰ ቀን።

ማታ እንጅባራ ተመልሼ በባንኩ የሒሳብ መኪና አጣራሁት። ሒሳቡ ልክ ነው።